እትዬ ማንጠግቦሽ ዋስ የሆኑልኝ ክረምት

ባለፈው ነሐሴ ለአንድ ጉዳይ ደብረ ማርቆስ ሄጄ ነበር። ዝናቡ እንደ ልማዱ ሲያወርደው እየሮጥሁ አንድ ባጃጅ ውስጥ ገባሁ። ከጎኔ አንዲት እናት ተቀምጠዋል። የለበሱት ጋቢ በስብሷል፤ ጭናቸው ላይ ደግሞ ገና ተቆልቶ ያልበረደ የገብስ ቆሎ በፌስታል ይዘዋል። የራሰ ጋቢና የትኩስ ቆሎ ሽታ በዚያች ጠባብ ባጃጅ ውስጥ አንድ ላይ ሲመጣብኝ እንባዬ ሳላስበው ዱብ ዱብ አለ።

«ዝገኚ እስቲ» አሉና ፌስታሉን ወደኔ አስጠጉ። ቀና ብለው ሲያዩኝ ግን ደነገጡ። «ምነው ልጄ? ሰው ሞቶብሽ ነው?»

«ኧረ የለም እማማ፤ ቆሎው ነው።»

«ቆሎ ያስለቅሳል እንዴ? ሽንኩርት ነው ብትይኝ ባመንሁሽ።»

ባጃጅ ነጂው ሳቀ፤ እኔም እያለቀስሁ ሳቅሁ። ልነግራቸው ነበር፤ ግን ታሪኩ ረጅም፣ የሳቸው መውረጃ ደግሞ ቅርብ ሆነና ወረዱ። ለሳቸው ያልነገርሁትን ነው አሁን የምጽፈው።

ታሪኩ በሆነበት ክረምት አሥራ አንደኛ ክፍልን ገና ጨርሼ ነበር። ቤተሰቦቼ ደምበጫ አካባቢ ገበሬዎች ናቸው፤ እኔ ግን ለትምህርት ብዬ ደብረ ማርቆስ፣ እትዬ ማንጠግቦሽ ግቢ ውስጥ አንዲት ክፍል ተከራይቼ እኖራለሁ። እትዬ ማንጠግቦሽ ባላቸው የሞቱባቸው፣ ረጅም፣ ቀጥ ያሉ፣ በራቸው ላይ ላስቲክ ወጥረው ድንችና ሽንኩርት የሚሸጡ ሴት ነበሩ። ከየወረዳው ለምንመጣ ተማሪዎች ቤት ያከራያሉ። ከሁሉም ጋር ይስማማሉ፤ ከኔ በቀር።

እኔና እሳቸውን ያላጣላን ነገር አልነበረም። ውኃ በተራ ነው የምንቀዳው፤ ተራው የኔ ሲሆን የሳቸው ባልዲ ቀድሞ ቧንቧው ሥር ይደረደራል። «ተራው የኔ ነው!» እላለሁ። «ግቢውስ የማን ነው?» ይላሉ። «ግቢው የእርስዎ፣ ተራው የኔ!» አምፖል ለምን አላጠፋሽም፣ ልብስሽን ለምን ከገመዴ ላይ አሰጣሽ፣ ምን ቢሉኝ መልስ አላጣም። እናቴ እኔን ስታረግዝ ሚጥሚጣ አምሯት ነበር ይባላል፤ አንዳንዴ እውነት ይመስለኛል።

የቤታችን የመጨረሻ ልጅ ነኝ። ከኔ በታች ያዘልሁት፣ እሹሩሩ ያልሁት የለም። የእኅቶቼ ልጆች ሲወለዱም «ለውባለም አትስጧት፣ ቁጡ ናት፣ ትጥለዋለች» እየተባለ ሕፃኑ ከእጄ ይነጠቃል። ሕፃን ለማቀፍ ክንዴን ስዘረጋ ሁሉም ለምን እንደሚደነግጥ አይገባኝም ነበር። አንድ ሰው አንድ ቀን «እንኪ፣ ያዢልኝ» እንዲለኝ ምን ያህል እመኝ እንደነበር ለማንም ተንፍሼ አላውቅም።

ሰኔ ማለቂያ ላይ ፎቶ ኮፒ ቤቱ ግድግዳ ላይ ማስታወቂያ ተለጥፎ አየሁ። ለልጆች የክረምት ካምፕ፣ ልጅ የሚወዱና ታጋሽ የሆኑ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች እንፈልጋለን ይላል። «ልጅ የሚወዱ» የሚለውን ደጋግሜ አነበብሁት። «ታጋሽ» የሚለውን ግን ዝናብ ትንሽ ስላደበዘዘው እንዳላየሁ ሆንሁ። እዚያው ቆሜ ለአባቴ ደወልሁለት።

«ካምፕ? ደግሞ ወታደር ልትሆኚ ነው?»

«ኧረ አባዬ፣ የልጆች ነው። ክረምቱን ይጫወታሉ፣ ይዘፍናሉ፣ ተረት ይሰማሉ። እኔ እጠብቃቸዋለሁ።»

«አንቺ? ልጅ ልትጠብቂ?» እናቴን ሲጠራት በስልኩ ይሰማኛል። «ነይ ስሚ፣ የልጅሽን ጉድ!» ሁለቱም ከልባቸው ሳቁ። ሲበቃቸው አባቴ፣ «በይ እንግዲህ፤ ከቀናሽ ቆዪ። ካልቀናሽ ቅዳሜ ተሳፍረሽ ነይ፤ ጤፉን አረም ሊውጠው ነው» አለኝ።

አረሙን አልጠላሁትም። የጠላሁት ያን ሳቅ ነው። እልህ ያዘኝ።

ካምፑ የሚካሄደው ለክረምት በተዘጋ መዋዕለ ሕፃናት ግቢ ውስጥ ነው። የምትመራው፣ ኧረ ይቅር በሉኝ፣ የሚመሩት ቲቸር አለምነሽ ይባላሉ። ዕድሜያቸውን ሙሉ ሕፃናት ሲያስተምሩ ኖረው ጡረታ የወጡ፣ አጠር ያሉ፣ ድምፃቸውን ከፍ የማያደርጉ ሴት ናቸው። ከልጆች ወንበር ላይ አስቀመጡኝ፤ ጉልበቴ አገጬ ሥር ደረሰ።

«ልጅ ሲያለቅስብሽ ምን ታደርጊያለሽ?»

«ለምን እንደሚያለቅስ እጠይቀዋለሁ።»

«ካልነገረሽስ?»

«አጠገቡ እቀመጣለሁ።»

«አሁንም ካልነገረሽስ?»

«እንግዲህ ያኔ እኔም ማልቀሴ አይቀርም።»

ፈገግ አሉ። አለቀ፣ ተቀጠርሁ ብዬ ልነሳ ስል፣ «ዋስ አለሽ?» አሉኝ።

«ዋስ?»

«አዎ፣ ዋስ። የማስረክብሽ የሰው ልጅ ነው። የሰፈሬ ልጅ ብትሆኚ አባትሽን አውቃለሁ፣ እናትሽን አውቃለሁ። አንቺን የማን ልጅ ልበል? 'እኔ አለሁላት' የሚልልሽ ሰው ይዘሽ እስከ ዓርብ ነይ። ካላመጣሽ አልቀየምሽም፤ ልጅ ግን አልሰጥሽም።»

በማግሥቱ ዋስ ፍለጋ ወጣሁ። ለክፍላችን ኃላፊ መምህር ብደውል፣ ጉንደ ወይን ቤተሰቦቹ ጋ ሄዷል፤ መስከረም ሳይጠባ አይመለስም። ቀጥሎ የአክስቴን ልጅ አንዷለምን ይዤ ሄድሁ። አንዷለም ባጃጅ ነጂ ነው። ደግ ልጅ ነው፤ ግን ያን ቀን የራሱን ግማሽ ተላጭቶ፣ በሙዚቃው የግቢውን ቆርቆሮ አጥር እያንቀጠቀጠ ነው የመጣው። ቲቸር አለምነሽ ከራሱ እስከ እግሩ አዩትና ቀስ ብለው፣ «ልጄ፣ ለአንተስ ዋስ አለህ?» አሉት። አንዷለም ይህን እስከ ዛሬ ለሰው ሁሉ ያወራል።

የቀረኝ ባለሱቁ ነበር። ሳሙናና ጨው ስገዛ ሁልጊዜ «እኅት ዓለም» የሚለኝ ሰውዬ ነው። «ዋስ» ስለው ፊቱ ተለዋወጠ። «እኅት ዓለም፣ ሌላ ነገር ጠይቂኝ» አለና ከረሜላ ሰጠኝ።

ዓርብ ዕለት ከረሜላዬን እየመጠጥሁ ሻንጣዬን ማሰናዳት ያዝሁ። እትዬ ማንጠግቦሽ በሬ ላይ መጥተው ቆሙ። እጃቸው በድንች አፈር ጠቁሯል።

«ወዴት ነው?»

«አገሬ።»

«ለባለሱቁ ዋስ ሁነኝ ብለሽው ነበር አሉ።»

«አዎ።»

«ለዚያ ለጎፈሬ ልጅም ብለሽው ነበር አሉ።»

«አሁን ጎፈሬ የለውም፤ ተላጭቶታል።»

«መልስ አታጪ! እኔንስ? ከኔ ግቢ እያደርሽ ሰፈር ለሰፈር ዋስ ስትለምኚ፣ እኔ ሰው አይደለሁም?»

«እርስዎማ ይጠሉኛል።»

«ማን አለሽ?»

«እርስዎ ነዎታ! ትናንት 'ይቺ እሳት ከቤቴ ትውጣልኝ' ያሉት ማን ሆነና?»

«ብያለሁ። ታዲያ ወጣሽ?» አሉና እጃቸውን በቀሚሳቸው ጠረጉ። «ተነሽ፤ ነጠላሽን ልበሽ።»

በጭቃው ከኋላቸው እየተንደረደርሁ ካምፑ ደረስን። ቲቸር አለምነሽ ወንበር ስበው አስቀመጧቸውና፣ «እንዴት ያውቋታል?» ብለው ጠየቁ።

«ሁለት ዓመት ስትጨቀጭቀኝ ነው የማውቃት።»

«ጸባይዋስ?»

«ጸባይ እንኳ የላትም።»

ይህን ለማለት ነው ይህን ሁሉ መንገድ ያመጡኝ አልሁ። ቲቸር አለምነሽ ግራ ገባቸው። «ታዲያ በምን አመኗት?»

«ትጣላኛለቻ! ቲቸር፣ ቤቴ ብዙ ልጆች አሉ። 'እሺ እትዬ' እያሉ አንገታቸውን ደፍተው ያልፋሉ። ሆዳቸው ውስጥ ምን እንዳለ እኔ አላውቅም። ይቺ የሆዷ ሁሉ አፏ ላይ ነው። አንድ ቀን አምሽታ መጣች። ሌላዋ ብትሆን አጥር ነበር የምትዘል። ይቺ በሩን ደብድባ፣ ሰፈሩን በሙሉ አስነስታ፣ 'እትዬ አምሽቻለሁ፤ ይስደቡኝና ይክፈቱልኝ' አለች። ልጅ ቢወድቅባት 'ወደቀብኝ' ትልዎታለች። ልጅ የሚያስፈጅ የሚደብቅ ሰው ነው።»

ቲቸር አለምነሽ እጃቸውን ዘርግተው፣ «እንግዲያ ዋስ ነዎት?» አሉ።

«ዋስ ነኝ። ጥፋቷ በኔ ነው።»

ወረቀት የለ፣ ፊርማ የለ። ሁለቱ ሴቶች ተጨባበጡ፤ እኔ ሰኞ ሥራ ልገባ ነው። ስንመለስ ላመሰግናቸው ፈልጌ፣ ለነገር የማይሰንፍ ምላሴ ያን ቀን ተሳሰረ። «እትዬ…» ከማለቴ፣ «ዝም በይ። ይልቅ ነገ ቧንቧው የኔ ተራ ነው» አሉኝ። «አይደለም፣ የኔ ነው» አልኋቸው። «አዬ ጉድ!» አሉና ጭቃውን እየዘለሉ ቀደሙኝ።

ሰኞ ቲቸር አለምነሽ ትንንሽ ልጆች ሰብስበው አመጡልኝና «እንኪ፤ እነዚህ ያንቺ ናቸው» አሉኝ። በሕይወቴ እንዲህ ተብዬ አላውቅም። ባለቀለም ቦቲ ያደረጉ፣ አፍንጫቸው የሚፈስ፣ አንዱ ከአንዱ የሚጮኽ። ከሁሉም ትንሿ ቃልኪዳን ናት። ስድስት ዓመቷ ነው፤ ስንት ዓመትሽ ነው ስትባል ግን «ሰባት ልሞላ ነው» ነው የምትል። እጄን ይዛ አትለቅም።

ጠዋት ቦቲዎቹን በረንዳው ላይ እንደረድራለን፤ የረጠቡት ሹራቦች ወንበር ላይ ይሰጣሉ፤ ክፍሉ በሙሉ ሱፍ ሱፍ ይሸታል። ዝናቡ ቆርቆሮው ላይ ሲበረታ ተረቱን እየጮኽሁ ነው የምነግራቸው፤ በኔ ተረት ውስጥ ጅቡም ጦጣዋም ጩኸታም ናቸው። ልጆቹ ይህን ወደዱት። ጩኸቴን የወደደልኝ ሰው ስላልነበረ መጀመሪያ ያሾፉብኝ መስሎኝ ነበር።

ደስታዬን የሚያበላሽብኝ አንድ ነገር ነበር፤ ዋሱ። ትንሽ ልጅ ሳለሁ አያ ታደገ የሚባሉ ጎረቤታችን ለአንድ ሰው ዋስ ሆነው ነበር። ሰውዬው ጠፋ። አንድ ቀን ፖሊሶች መጡና አያ ታደገን ይዘዋቸው ሄዱ። ሚስታቸው ጋቢያቸውን ታቅፈው፣ «ይበርድሃል! ኧረ ይበርድሃል!» እያሉ በጭቃው ከኋላ ሲሮጡ አጥር ላይ ተንጠልጥዬ አይቻለሁ። ጉዳዩ ምን እንደሆነ፣ ምን ያህል እንደቆዩ የነገረኝ የለም። ለኔ ግን ዋስ ማለት ይህ ሆኖ ቀረ። እና በኔ ሂሳብ አንድ ልጅ ጉልበቱ ከተላጠ፣ እትዬ ማንጠግቦሽ ወኅኒ ይወርዳሉ።

ስለዚህ ልጆቹን መሮጥ ከለከልሁ። መዝለል ከለከልሁ። ሰኞ ማክሰኞ ሲጫወቱ በሁለት እግራችሁ ርገጡ አልኋቸው፤ በሁለት እግር ሰኞ ማክሰኞ ማን ሰምቶ ያውቃል? ስሜን ትተው «ቲቸር አይቻልም» ይሉኝ ጀመር። ቲቸር አለምነሽ አንድ ቀን ጠሩኝና፣ «ውባለም፣ ልጆቹን እስረኛ አደረግሽብኝ እኮ» አሉኝ። «እስረኛ» ሲሉ አያ ታደገ ትዝ አሉኝ።

ቤትም ብሆን ያው ነው። እትዬ ማንጠግቦሽን ባየሁ ቁጥር ወኅኒ ቤት ውስጥ ይታዩኛል። ውኃ እቀዳላቸዋለሁ፤ የድንች ጆንያ እሸከምላቸዋለሁ። ተራዬ ሲደርስ «ይቅደሙ፣ የእርስዎ ነው» እላለሁ። መጀመሪያ ጊዜ ደንግጠው ግንባሬን በእጃቸው ዳሰሱ። «ትኩሳት የለሽም። ምን ሠርተሽ ነው?» አሉኝ። «ምንም።» «ምንም ካልሠራሽ ተጣይኝ እንጂ፤ እንደ በሽተኛ አታስታምሚኝ።» ምክንያቱን ብነግራቸው ዋስነታቸውን የሚያነሱ መሰለኝና አፌን ያዝሁ።

እንዲህ እንዲህ እያልን ፍልሰታ ገባች። ፍልሰታ መቼም የልጆች ጾም ናት። ሌላውን ጾም የማያውቅ ሕፃን ሁሉ ፍልሰታን ካልጾምሁ ብሎ ይሟገታል። ቲቸር አለምነሽም ያውቁታልና ደንብ አወጡ፤ ከፍ ከፍ ያሉት ቅዳሴ እስኪወጣ ይጾማሉ፣ ሰባት ዓመት ያልሞላቸው ግን በስድስት ሰዓት ትንሿ ክፍል ገብተው ዳቧቸውን ይበላሉ። የቃልኪዳን እናት ጠዋት ሲያመጧት፣ «ሰሞኑን አሟት ስለነበር አደራ አብዪልኝ፤ እጾማለሁ እያለች አስቸግራኛለች» ብለውኛል።

በስድስት ሰዓት ትንንሾቹን ወደ ትንሿ ክፍል ሳስገባ ቃልኪዳን የለችም። መጸዳጃ ቤት የለችም። በረንዳ ላይ የለችም። ቀይ ቦቲዋ ብቻ እንደተደረደረ አለ። ቢሮው ድረስ ሮጥሁና በሰፈር ድምፄ፣ «ቲቸር! ቃልኪዳን ጠፍታብኛለች!» ብዬ ጮኽሁ።

ግቢው ተተራመሰ። ጠረጴዛ ሥር ታየ፣ ከአጥሩ ጥግ ታየ፣ በእያንዳንዱ ክፍል በር ላይ ቆመን ተጣራን። መልስ የለም። ዘበኛው ማንም ልጅ በዚህ በር አልወጣም ብሎ ማለ። ቲቸር አለምነሽ ፊታቸው አመድ መስሎ፣ «አንቺ ለማንኛውም እስከ መንገዱ ድረስ እይ፤ እኔ እናቷ ጋ ልደውል» አሉኝ።

ወጣሁ። እስከ መንገዱ አየሁ፤ ልጅ የለም። ከዚያ እግሬ ወደ የት እንደሚወስደኝ ሳላውቅ እትዬ ማንጠግቦሽ ፊት ቆሜያለሁ። ላስቲካቸው ሥር ተቀምጠው ድንች ይመርጣሉ።

«እትዬ ይሽሹ!»

«ምን?»

«ልጅ ጠፍታብኛለች! ዋሴ እርስዎ ነዎት፣ ይይዙዎታል! ደብረ ኤልያስ እኅትዎ ጋ ይሂዱ፤ አሁኑኑ መናኸሪያ ይሂዱ፤ እኔ የት እንደሄዱ አላውቅም እላለሁ!»

ይስቃሉ ወይም ይቆጣሉ ብዬ ነበር። ሁለቱንም አላደረጉም። ድንቿን ቀስ ብለው ቅርጫቱ ውስጥ መለሷትና ተነሡ። «ስለ እኔ አታስቢ። አንቺ ወደ ልጂቱ ተመለሽ። ሂጂ!»

እየሮጥሁ ስመለስ፣ ቢያንስ እሳቸው መንገድ ጀምረዋል እያልሁ ራሴን አጽናናሁ። ካምፑ ስደርስ የቃልኪዳን እናት ደርሰው ራሳቸውን ይዘው ይጮኻሉ። ልጆቹ በረንዳው ላይ ተኮልኩለው ያለቅሳሉ። ከመካከላቸው ሜሮን የምትባል የቡድኔ ልጅ ቀሚሴን ሳብ አደረገችኝና፣ «ቲቸር፣ ቃልዬ እኮ የሕፃን ክፍል አልገባም ብላለች። ጾመኛ ናት እኮ» አለችኝ።

ያን ጊዜ ነው ነገሩ የበራልኝ። እኛ ሁላችን በየክፍሉ «ቃልዬ፣ ነይ፣ ዳቦሽ ይጠብቅሻል» እያልን ነበር የምንጣራው! ወደ ኮሪደሩ ገባሁና ባለኝ ድምፅ ሁሉ ጮኽሁ። «ዳቦ የለም! ማንም አያበላሽም! ቃልኪዳን ጾመኛ ናት! ከትልልቆቹ ጋር ናት!»

ከኮሪደሩ መጨረሻ ሕፃናቱ የሚተኙባቸው ፍራሾች የተከመሩበት ክፍል አለ። የላይኛው ፍራሽ ተነቃነቀ። ከሥሩ አንዲት አቧራ የለበሰች ራስ ብቅ አለች።

«ማርያምን በይ» አለችኝ።

«ማርያምን!»

ወጣች። አቅፌያት መሬት ላይ ተቀመጥሁ። «ስንጠራሽ አትሰሚም?» ብላት፣ «ሰማሁሽ እኮ። ልታበዪኝ መስሎኝ ነው» አለች። እናቷ እየሳሙም እየቆነጠጡም፣ በመጨረሻ ተሸነፉና፣ «በቃ፣ ዛሬን ጹሚ፤ ማርያም ትርዳሽ» አሏት። ቲቸር አለምነሽ ትከሻዬን ይዘው፣ «ወዲያው ጮኸሽ ነገርሽኝ፤ ያሉት እውነታቸውን ነው» አሉኝ። የማንን እንደሆነ ሳልጠይቅ ገባኝ።

እንባዬን ሳልጠርግ የግቢው በር ተንኳኳ። ዘበኛው ሲከፍት እትዬ ማንጠግቦሽ ቆመዋል። ከራስ እስከ እግር በስብሰዋል። ጋቢያቸውን ደርበዋል፤ በእጃቸው ደግሞ ከረጢት አንጠልጥለዋል።

«የውባለም ዋስ እኔ ነኝ» አሉት ዘበኛውን። «መጥቻለሁ።»

ቲቸር አለምነሽ በዝናቡ ሮጠው ደረሱ። «እትዬ ማንጠግቦሽ! ምን ሆነው ነው?»

«ልጂቱ አልተገኘችም?»

«ተገኝታለች! ደኅና ናት! ፍራሽ ሥር ነበረች።»

«እሰይ። እሰይ የኔ እመቤት።» በረንዳው ጫፍ ላይ ተቀመጡ።

«ምንድን ነው የያዙት?» አልኋቸው ከረጢቱን እያየሁ።

«ቆሎ ነዋ። ያሰሩኝ እንደሁ ብዬ ነው። ወኅኒ ቤት ቆሎ ማን ይሰጠኛል? ቆልቼ እስክጨርስ ነው የዘገየሁብሽ።»

እኔ መናኸሪያ ደርሰዋል ስል፣ እሳቸው እሳት አንድደው የእስር ቤት ስንቃቸውን ይቆሉ ነበር! ጭናቸው ላይ ተደፍቼ ተንሰቀሰቅሁ። የራሰው ጋቢ፣ ትኩሱ ቆሎ፣ የእጃቸው የድንች አፈር፣ ሁሉም አንድ ላይ ሸተተኝ። «ተይ እንጂ፣ ሰው ያየናል» ይሉኛል፤ እጃቸው ግን ራሴ ላይ ነው።

ቅዳሴ ሲወጣ ደወሉ ተሰማ። እትዬ ማንጠግቦሽ ከረጢቱን ፈቱና፣ «ጾመኛዋ ትቅደም» ብለው ለቃልኪዳን በሁለት እጇ አዘገኗት። ከዚያ ለልጆቹ ሁሉ፣ ለእናቷ፣ ለቲቸር አለምነሽ፣ ለዘበኛው ሳይቀር ደረሰ። ልጆቹ ጋቢው ውስጥ ተጠቅልለው የወኅኒ ቤቱን ቆሎ ሲቆረጥሙ እያየሁ፣ እግዚአብሔርን አመሰገንሁ። እሳቸውን ግን ያን ቀንም በአፌ አላመሰገንኋቸውም። ስለዚህ ዛሬ እላለሁ፤ እትዬዬ፣ ባሉበት እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ማንም ሕፃን ባላሳቀፈኝ ጊዜ እርስዎ ሰው አርገው ቆጠሩኝ።

ወደ ቤት ስንመለስ ዝናቡ አባርቶ ነበር። ጋቢውን እኔ ተሸክሜዋለሁ።

«እትዬ፣ እውነት ያስሩኛል ብለው ነው የመጡት?»

«እኔ ሕግ ምን አውቃለሁ? አንቺ ተማሪዋ 'ይይዙዎታል' አልሽኝ፤ እኔም አመንሁሽ።»

«ካመኑኝ ታዲያ ለምን አልሸሹም?»

ቆም አሉና፣ እንደዚያ ቂል ጥያቄ ሰምተው እንደማያውቁ ሁሉ አዩኝ። «ዋስ ነኝ አልሁ እኮ ልጄ። ዋስ የሚፈለገው ልጅ ሲጠፋ ነው። ሳይጠፋማ ባለሱቁም ይሆንሽ ነበር።»

ግቢያችን ስንደርስ ባልዲዎቹ ቧንቧው ሥር ተደርድረዋል። እትዬ ማንጠግቦሽ የበራቸውን ቁልፍ እየፈለጉ፣

«ነገ ውኃው የማን ተራ ነው?» አሉኝ።

«የእርስዎ» አልሁ።

ዘወር ብለው አዩኝ። «ውሸት አትልመጂብኝ» አሉ። «ተራው ያንቺ ነው።»